በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ሕይወትና ሥራ

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአገራችን ታሪክ ውስጥ በበርካታ መስኮች ስማቸው የሚነሣ ሰው ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ የጅጅጋና የጨርጨር አገረ ገዥ ነበሩ፤ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅትም በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ስለ አገራቸው ተሟግተዋል። በኪነ ጥበብ ዘርፍ ግን ስማቸውን ያስጠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ይኸውም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ተውኔት ሲሆን፣ በአማርኛ ቋንቋ ተጽፎ በዘመናዊ መልክ ለመድረክ የበቃ የመጀመሪያው ተውኔት መሆኑ በሰፊው ይታመንበታል።

የዚህ ተውኔት ታሪክ ስለ አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ብቻ የሚናገር አይደለም። አንድ አዲስ ተውኔት በአንዲት ዋና ከተማ መድረክ ላይ ሲወጣ ማን ይመዝነዋል፣ በምን ይመዝነዋል፣ ፍርዱስ ምን ያህል ይጸናል የሚሉ ጥያቄዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተነሡት በ«ፋቡላ» ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ የደራሲውን ሕይወት ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር አያይዞ ያቀርባል።

ልደትና አስተዳደግ

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያደብር በተባለው ሥፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ቤት አደጉ። ሐረር በዚያን ዘመን የአገሪቱ ዋነኛ የንግድ በር ነበረች። የዓረብ፣ የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ እንዲሁም የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ይመላለሱባታል። በዚህች ከተማ ማደጋቸው ለሕፃኑ ተክለ ሐዋርያት ከአገራቸው ውጭ ያለውን ዓለም ገና በማለዳ አስተዋወቃቸው።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ ተክለ ሐዋርያት ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። የዓድዋ ድል በተገኘበት በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር።

የሩሲያ ቆይታ

ከዓድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያና ሩሲያ ግንኙነታቸውን ማጠናከር ጀመሩ። በዚህ ግንኙነት ውስጥ ጉልህ ሚና የነበረው ሩሲያዊው መኰንን ኒኮላይ ሊዮንቲዬቭ ወጣቱን ተክለ ሐዋርያትን ለትምህርት ወደ አገሩ ወሰዳቸው። በዚያም በአንድ የሩሲያ ቤተሰብ እንክብካቤ አድገው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ሙያ ትምህርት ተከታተሉ። በሩሲያ የቆዩት ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የሩሲያ አብዮት በተቀሰቀሰ ጊዜም እዚያው ስለነበሩ፣ አንድ ታላቅ መንግሥት የሕዝቡን ቅሬታ ሳይሰማ ሲቀር የሚደርስበትን ፈተና በቅርብ ለማየት ችለዋል።

ሴንት ፒተርስበርግ በዚያን ጊዜ የሩሲያ መናገሻ ከተማና የቴአትር ማዕከል ነበረች። አዲስ ተውኔት በታየ ማግስት ጋዜጦች ስለ ድርሰቱ፣ ስለ ትወናውና ስለ ዝግጅቱ ፍርዳቸውን አትመው ያወጣሉ። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም፤ ብዙ ጊዜም ምሕረት የለሽ ነበር። ሆኖም የመጨረሻ ፍርድ አልነበረም። ይህን የሚያስረዱ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው የኒኮላይ ጎጎል ኮሜዲ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ጉቦኛ ሹማምንት አንድን ተራ መንገደኛ በስውር የተላከ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መስሏቸው የሚደርስባቸውን ውርደት የሚያሳየው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1836 በሴንት ፒተርስበርግ በአሌክሳንድሪንስኪ ቴአትር ቀረበ። ተውኔቱ እንዲታይ የፈቀዱት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላይ ራሳቸው ሲሆኑ፣ በመጀመሪያው ምሽትም ተገኝተው ተመልክተውታል። ከሐያስያኑ መካከል ሥራውን የአገር ስም የሚያጠፋ ነው ብለው ያወገዙት ነበሩ፤ እውነትን የሚያሳይ መስታወት ነው ብለው የተከላከሉለትም አልጠፉም። ጎጎል በነቀፋው ተመርሮ አገሩን ለቅቆ ወጣ። ቆየት ብሎም አዲስ ኮሜዲ ተመልክተው ከቴአትር ቤት የሚወጡ ሰዎች የሚሰጡትን ልዩ ልዩ አስተያየት የሚያሳይ ሌላ አጭር ሥራ ጻፈ። ኮሜዲው ግን ከመድረክ አልወረደም።

ሁለተኛው የአንቶን ቼኾቭ ተውኔት ነው። «የባሕር ወፍ» የተሰኘው ሥራው በዚያው በአሌክሳንድሪንስኪ ቴአትር እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1896 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተመልካቹ ተሳለቀበት፤ ጋዜጦችም በማግስቱ ክፉኛ ነቀፉት። ደራሲው ከተማዋን ጥሎ ሄደ፤ ዳግመኛ ተውኔት ላለመጻፍም ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያው ተውኔት በሞስኮ ኪነ ጥበባት ቴአትር በሌላ አዘጋጆችና ተዋንያን እጅ ቀርቦ ታላቅ ተቀባይነት አገኘ። የባሕር ወፍ ምስልም የዚያ ቴአትር ቤት ዓርማ ሆነ።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው ሐያሲ ሊሳሳት የሚችል መሆኑን፣ ስሕተቱም ሊታረም የሚችል መሆኑን ነው። በአንድ ቲያትር ቤት የወደቀ ሥራ በሌላ ሊነሣ፣ በአንድ ጋዜጣ የተነቀፈ ሥራ በሌላ ሊመሰገን ይችላል። ተክለ ሐዋርያት ወደ ሩሲያ ያቀኑት በዚያው «የባሕር ወፍ» በታየበት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ወደ ጉልምስና የደረሱትም እንዲህ ያለ የክርክር ባህል ባለበት አገር ነው።

ወደ አገር መመለስ

ተክለ ሐዋርያት በ1901 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ታመው ነበር። ጥቂት ቆይተው እንደገና ወደ አውሮፓ ተጉዘው የግብርና ትምህርት ተከታተሉ። ከዚያ በኋላ በአገር አስተዳደር ሥራ ላይ ተሰማሩ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን እንዲወርዱ በተደረገው እንቅስቃሴ ውስጥም ተሳትፈዋል።

በዚያን ዘመን በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንድ የጋራ ጭንቀት ነበራቸው። አገሪቱ በዓድዋ ነፃነቷን ብታስከብርም በትምህርት፣ በአስተዳደርና በኢኮኖሚ ካልተሻሻለች ያን ነፃነት ጠብቃ ለመኖር እንደሚያዳግታት ይሰጉ ነበር። አንዳንዶቹ ይህን ስጋት በመጽሐፍ፣ አንዳንዶቹ በጋዜጣ ገለጹት። ተክለ ሐዋርያት የመረጡት መንገድ መድረክ ነበር።

ከተመልካችነት ወደ ደራሲነት

አዲስ አበባ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከተቆረቆረች ገና ሠላሳ ዓመት ጥቂት አለፍ ያላት ከተማ ነበረች። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ደርሶባታል። የውጭ ነጋዴዎች፣ የልዩ ልዩ መንግሥታት ቆንስሎችና ሆቴሎች ነበሯት፤ ራሱን የቻለ የቴአትር አዳራሽ ግን አልነበራትም። የአደባባይ ትርኢት የሚቀርበው በበዓላት፣ በግብር አዳራሾችና በሆቴሎች ነበር።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በተውኔታቸው መቅድም እንደገለጹት ለመጻፍ ያነሣሣቸው በቴራስ ሆቴል የተመለከቱት አንድ ትርኢት ነው። ቴአትር ይታያል ተብለው ቢሄዱም ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ እንጂ ታሪክ፣ ንግግርና የተግባር ቅንብር ያለው ተውኔት አልነበረም። የአዝማሪ ጥበብ በራሱ ጥንታዊና የተከበረ የአገር ሀብት ነው። የእሳቸው ቅሬታ ቴአትር የሚለው ስም ከቀረበው ነገር ጋር አለመገናኘቱ ላይ ያተኮረ ነበር። በአውሮፓ ከተሞች ቴአትር ማለት ሕዝብ ስለ ራሱ ኑሮ የሚመካከርበት፣ በሳቅ የሚታረምበት መድረክ መሆኑን አይተዋልና።

ይህ አጋጣሚ በአገራችን የቴአትር ታሪክ ውስጥ ልዩ ትርጉም አለው። ተክለ ሐዋርያት ደራሲ ከመሆናቸው በፊት ተመልካችና ሐያሲ ነበሩ። ያዩትን መዘኑ፤ ጉድለቱን ለዩ፤ ምን መሆን እንደነበረበትም አሰቡ። ከዚያም በነቀፋ ብቻ ሳይወሰኑ የተሻለ ነው ያሉትን ሥራ ራሳቸው ጽፈው አቀረቡ። ያልወደዱት ትርኢት እንዲዘጋ አልጠየቁም።

«ፋቡላ» በመድረክ ላይ

«ፋቡላ» መነሻ ያደረገው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን የፈረንሳይ ባለቅኔ የዣን ደ ላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ነው። በእነዚህ ተረቶች አንበሳ ንጉሥ፣ ቀበሮ ብልጣ ብልጥ ባለሟል፣ በግ ደካማ ባላገር ሆነው ይቀርባሉ፤ በእንስሳት ስም የሚነገረው ግን የሰው ጠባይ ነው። ይህ አነጋገር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አልነበረም። የዝንጀሮ፣ የጅብ፣ የአህያና የቀበሮ ተረት በየቤቱ በምድጃ ዳር የሚነገር ሲሆን፣ ሰምና ወርቅ ደግሞ የአገሪቱ የቅኔ መሠረት ነው። የላይኛውን ቃል ሰምቶ የታችኛውን ምስጢር መፈለግ የተማረው ክፍል የዕለት ልማድ ነበር።

ተውኔቱ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ቀረበ። ደራሲው ተመልካቹ ለቴአትር አዲስ መሆኑን ስለተገነዘቡ ቴአትር ምን እንደሆነና ምን ጥቅም እንዳለው በመቅድማቸው አስረድተዋል። ዓላማቸው በሳቅ መልክ ትምህርት መስጠት፣ በአስተዳደሩ ውስጥ የሚታየውን ግፍ፣ ጉቦኝነትና ኋላ ቀርነት በአውሬዎቹ ጠባይ አሳይቶ እንዲታረም ማነሣሣት ነበር።

በዚህ ረገድ ተውኔቱ ያሰበውን አድርጓል ማለት ይቻላል። በሰምና ወርቅ የሠለጠነው ተመልካች ወርቁን ለማግኘት አልተቸገረም። በመድረኩ ላይ የሚታዩት አውሬዎች እነማንን እንደሚመስሉ በአዳራሹ የተቀመጡት ሰዎች ለይተው ያውቁ ነበር።

ያለ ሐያሲ የተሰጠ ፍርድ

በአዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ተውኔትን መርምሮ አስተያየቱን ለሕዝብ የሚያቀርብ ሐያሲ አልነበረም። ስለ ዘመናዊ አስተሳሰብ ሰፊ ክርክር ያስተናገደው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ፋቡላ» በታየ ማግስት ድርሰቱ ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ፣ ከባዕድ አገር የተወሰደው ተረት ከአገሩ ኑሮ ጋር በሚገባ ተዋሕዷል ወይስ አልተዋሐደም፣ ተዋንያኑ ድርሻቸውን እንዴት ተወጡት የሚሉት ጥያቄዎች በአደባባይ የሚነሡበት ቦታ አልነበረም።

የተነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ተውኔቱ ማንን ነካ የሚል። የተነኩት ሰዎች ቅሬታ ወደ ቤተ መንግሥት ደረሰ። በዚህም የተነሣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ትእዛዝ ተውኔቱ ታገደ፤ ቅጂዎቹም እንዲሰበሰቡ ተደረገ። እገዳው በአንድ ሥራ ላይ ብቻ ሳይወሰን የቴአትርን እንቅስቃሴ በአጠቃላይ ገታ። ይህ ሁኔታ እስከ ዘመነ መንግሥታቸው ፍጻሜ፣ ማለትም እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

የእገዳውን ምክንያት በዘመኑ ሁኔታ መረዳት ተገቢ ነው። መንግሥቱ በ1909 ዓ.ም. ከተደረገው የሥልጣን ለውጥ ገና በሚገባ አልተረጋጋም ነበር። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነባሩን ሥርዓት በሚደግፉትና ለውጥን በሚሹት ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት ነበር። በሕዝብ ፊት የሚደረግ ስላቅ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ሳይሆን እንደ ሤራ መቆጠሩ ከዚህ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። ያም ሆኖ ውጤቱ ከባድ ነበር። የሐያሲ ነቀፋ ሊታረም የሚችል ሲሆን፣ እገዳ ግን ሥራው ዳግመኛ የሚመዘንበትን ዕድል ይነፍጋል። ቼኾቭ በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘውን ዳግመኛ የመታየት ዕድል ተክለ ሐዋርያት በዘመናቸው ሁሉ አላገኙም። ከ«ፋቡላ» በኋላም ሌላ ተውኔት ለመድረክ አላበቁም።

የአስተዳደር ሥራቸው

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከቴአትሩ ቢርቁም የለውጥ ሐሳባቸውን አልተዉም። በመድረክ ላይ ሊያሳዩት ያልተፈቀደላቸውን በአስተዳደር ሥራ ለመፈጸም ጣሩ። ቀደም ሲል በጅጅጋ አገረ ገዥነታቸው ከተማዋ በፕላን እንድትመራ አድርገው ነበር። በኋላም የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው ሲሾሙ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የግዛቱ ዋና ከተማ በማድረግ አውራጃውን የአዲስ አስተዳደር ምሳሌ ለማድረግ ሠሩ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ተክለ ሐዋርያት ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ታዘዙ። የእ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት በዋነኛ አርአያነት ወስደው ያዘጋጁት ሰነድ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ጸደቀ። በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይም የሕገ መንግሥቱን ትርጉም ለተሰብሳቢው ያስረዱት እሳቸው ነበሩ።

ሰነዱ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ያጸና ቢሆንም ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሟል፤ የዜጎችን ንብረት፣ መኖሪያ ቤትና የደብዳቤ ምስጢር የሚጠብቁ ድንጋጌዎችም ነበሩት። ሐሳብን በንግግርና በጽሑፍ የመግለጽ መብትን የሚመለከት ድንጋጌ ግን አልነበረውም። ተውኔቱ የታገደበት ደራሲ ባረቀቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ ተውኔትን ከእገዳ የሚጠብቅ ቃል አለመኖሩ የዘመኑን ወሰን ያሳያል። ይህ መብት በሕግ በተወሰነ መልክ በጽሑፍ የሰፈረው ከሃያ አራት ዓመታት በኋላ በ1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው።

ከእገዳው በኋላ የመጣው ትውልድ

ከ1923 ዓ.ም. በኋላ ቴአትር እንደገና መታየት ጀመረ፤ የተነሣውም በትምህርት ቤቶች ነው። መምህር ዮፍታሔ ንጉሤና መምህር መላኩ በጎሰው ተውኔቶችን ጽፈው ተማሪዎችን በማሠልጠን ለመድረክ አቀረቡ። የአገር ፍቅር ማኅበርም በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሕዝቡን ለአገሩ ነፃነት ሲቀሰቅስ፣ ከነፃነት በኋላ ደግሞ የቴአትር ቤት ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተመርቆ ተከፈተ። በ1970ዎቹ መጀመሪያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተቋቋመ። ተውኔትን በሙያ መመዘንን የሚያስተምር ተቋም በመኖሩም «ፋቡላ»ን ጨምሮ ቀደምት ሥራዎች በጥናት ሊዳሰሱ ቻሉ።

የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ተውኔት በመድረስ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛ ስፍራ አግኝተዋል። አባት ያቋረጡትን የተውኔት ድርሰት ልጅ ቀጥለውታል።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ከዚያ በኋላ የተቃና ነበር ማለት አይደለም። በንጉሣዊው ሥርዓትም ሆነ በደርግ ዘመን ተውኔቶች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት በሳንሱር ያልፉ ነበር። ከታየ በኋላ የታገደም፣ ሳይታይ የቀረም ሥራ ነበረ። ደራስያንም ከሐያሲው ይልቅ ለመርማሪው እየተጠነቀቁ የሚጽፉበት ጊዜ ረጅም ነበር።

ስደትና የመጨረሻ ዓመታት

በ1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በዓለም መንግሥታት ማኅበር የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። ማኅበሩ ወረራውን ሊያስቆም አልቻለም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ እሳቸው ወደ ውጭ ወጥተው በጅቡቲ፣ በኤደንና በማዳጋስካር በስደት ኖሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቅቀው ለመሄድ በወሰኑት ውሳኔ ስላልተስማሙ፣ አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላም ለረጅም ዓመታት ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቆይተዋል።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ በሐረርጌ በሒርና አካባቢ በእርሻ ሥራ ተወስነው ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ዘጠና ዓመት ባለፈ ዕድሜያቸው ዐረፉ። የልጅነት፣ የሩሲያና የአስተዳደር ዘመናቸውን በሰፊው የተረኩበት የሕይወት ታሪካቸው ከዕረፍታቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ለአንባብያን ቀርቧል። «ፋቡላ»ም ቅጂዎቹ እንዲሰበሰቡ ቢታዘዝም ጨርሶ አልጠፋም። በአገራችን የቴአትር ጥናት ውስጥ ዛሬም የመጀመሪያ ምዕራፍ ሆኖ ይነሣል።

የዛሬው የሕግ ማዕቀፍ

የ«ፋቡላ» ታሪክ ዛሬ ተውኔት ለሚጽፉ፣ ለሚያዘጋጁ፣ ለሚተውኑና ለሚመለከቱ ዜጎች ሁሉ ትርጉም አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን ሲያረጋግጥ የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነትንም በግልጽ ጠቅሷል፤ ቅድመ ምርመራንም ከልክሏል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል በሚወጡ ሕጎች ሲሆን፣ ገደቡ በሐሳቡ ይዘት ወይም ሐሳቡ ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ላይ የተመሠረተ ሊሆን እንደማይገባ አንቀጹ ደንግጓል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመንከባከብና ለሥነ ጥበብ ዕድገት ድጋፍ የመስጠት ኃላፊነት እንዳለበት ተመልክቷል።

በእነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት የመንግሥት አካላት ድርሻ ለፈጠራ ሥራ የተመቸ ሁኔታ መፍጠር ነው። ሥራውን መመዘን የሐያስያንና የተመልካቹ ድርሻ ነው። ተመልካች ያልወደደውን ተውኔት የመንቀፍ፣ ሐያሲ ጉድለቱን በማስረጃ የማሳየት፣ ደራሲም ለነቀፋው በሌላ ሥራ መልስ የመስጠት መብት አላቸው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በቴራስ ሆቴል ያዩት ትርኢት ባላረካቸው ጊዜ የወሰዱት እርምጃ ይኸው ነበር፤ እሳቸው ለራሳቸው ሥራ ያላገኙትም ይህንኑ ዕድል ነው።